መጀመሪያ አፉን ተዋስ

እህቴ ክፍሏ ውስጥ አንድ ሕግ ነበራት። ሁለት ተማሪዎች ሲከራከሩ፣ ተናጋሪው የራሱን ሐሳብ ከማምጣቱ በፊት የጓደኛውን በራሱ አፍ መናገር አለበት፤ ሳይቀንስ፣ ሳያጣምም፣ ሳያሾፍ። የሐሳቡ ባለቤት ሰምቶ «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» ካለ ተራው ይደርሰዋል። «አይ፣ እሱን አላልኩም» ካለ ግን እንደገና ከመጀመሪያው ነው። «መጀመሪያ አፉን ተዋስ» ትላለች እህቴ፣ እጇ በጠመኔ ነጭ ሆኖ ጥቁር ሰሌዳው ሥር እንደቆመች።

ልጆቹ ይህን ሕግ እንደ መርፌ ይጠሉት ነበር። የክርክር ጣዕሙ ሌላው ሳይጨርስ ነጥቆ መናገር ነው፤ እሷ ደግሞ ያቺኑ ጣዕም ወሰደችባቸው። አንድ ቀን ሁለት ልጃገረዶች በመስኮት ተጣሉ። አንዷ «ይከፈት፣ ሙቀት ገደለኝ» ትላለች፤ ሌላዋ «ይዘጋ፣ ጉንፋን ይዞኛል» ትላለች። እህቴ ትምህርቱን አቁማ አፍ ስታዋውሳቸው ክፍለ ጊዜው አለቀ። ርዕሰ መምህሩ በበሩ ብቅ ብሎ «ይህ የታሪክ ትምህርት ነው ወይስ የመስኮት?» ቢላት፣ «ታሪክስ ሌላ ምን ሆነና? መስኮቱን ማን ዘጋው ነው» አለችው። መስኮቱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ግማሹ ተከፍቶ ቆየ።

እኔ ታናሿ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቁጡም ነኝ። እሷ ቤቷ ቢቃጠል እንኳ ድምጿን ከፍ የምታደርግ ሴት አይደለችም፤ እኔ ግን ክር ሲበጠስብኝ መንደሩ ይሰማል። «ከአንድ ማኅፀን ወጡ ብሎ ማን ያምናል» ይሉናል። እኔ እታለም እላታለሁ። ከተማው ግን፣ ፀጉሩ የሸበተው ሳይቀር፣ ቲቸር ነው የሚላት። ግማሹን ራሱን አስተምራዋለች፣ ግማሹን ደግሞ ልጁን አስተምራለታለች።

እናታችን የስልክ ቤት ጡረተኛ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው መስመር ስታገናኝ ኖራ «ሰው ሲናገር መሐል አትግቡ» እያለች አሳደገችን። ቤታችን ውስጥ የሚናገርን ሰው ማቋረጥ ከስርቆት አይተናነስም ነበር። የእታለም ሕግ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያሻም።

ፖለቲካ ውስጥ የገባችው በውሃ ምክንያት ነው። የትምህርት ቤቱ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውሃ ከተቋረጠ ከርሞ ነበር፤ ትልልቆቹ ልጃገረዶች በየወሩ ከትምህርት ይቀራሉ። እታለም የወላጆችን ኮሚቴ ይዛ ከንቲባው ቢሮ ተመላለሰች። ከንቲባው ሲሰለቸው «ይህን ያህል ካወቁበት ለምን መጥተው ወንበሩ ላይ አይቀመጡም?» አላት፣ ሊያሾፍባት። እህቴ ደግሞ ቀልድ ቶሎ አይገባትም። ለከተማው ምክር ቤት እጩ ሆና ልትመዘገብ ቆርጣ ወደ ቤት መጣች።

ምሳ ላይ ነገረችን። እናታችን ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ስሚኝ ልጄ» አለች። «ፖለቲካ እሳት ነው፤ የሚሞቀው ሌላ፣ የሚቃጠለው ሌላ። ዛሬ ቲቸር ብሎ ከወንበሩ የሚነሣልሽ ሰው ነገ ሲያይሽ መንገድ ይቀይራል። የአስተማሪ ስሕተት በዳስተር ይጠፋል፤ የፖለቲከኛ ስሕተት ግን እስከ ልጅ ልጅ ይወራል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ ደግሞ ልጄ ስትሰደብ የምሰማበት ጆሮ የለኝም። ደግሞም ከገባሽ...»

«በቃ እማዬ!» አለች እታለም። «ፍርሃትሽን አታውርሺኝ።»

እኔ እንኳ ደነገጥኩ። የከተማውን ልጅ ሁሉ አፍ የምታዋውስ ሴት የገዛ እናቷን አቋረጠች። እናቴ «አላስጨረስሽኝም» አለች። ተነሥታ ሻንጣዋን አዘጋጀችና ወንዝ ማዶ፣ ጋራዥ ያለው ወንድማችን ዘንድ ሄደች። በር ላይ ስሸኛት «ለሳምንት ነው» አለችኝ።

ወንዙ ድንበር ነው። ወዲህ አንድ አገር፣ ወዲያ ሌላ አገር፤ ቋንቋው ግን አንድ ነው፣ የእነሱ ትንሽ ዜማ ይበዛዋል እንጂ። ያን ጊዜ በብረት ድልድዩ ሰው እንደ ልቡ ይመላለስ ነበር። ከእህቴ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ጠዋት ጠዋት ከማዶ ተሻግረው የሚመጡ ነበሩ። እናታችን በሄደች ሳምንት ሳይሞላት ድልድዩ ላይ ተኩስ ተነሣ። ከእኛ አንድ ወጣት ዘብ ሞተ፤ ከእነሱም አንድ ወጣት ዘብ ሞተ። ማን ቀድሞ እንደተኮሰ እኛ እናውቃለን፤ እነሱ ናቸው። እነሱም ያውቃሉ፤ እኛ ነን። በድልድዩ ሁለት ጫፍ ሁለት የብረት በር ተተከለ፤ በየበሩም ትልልቅ ጓጉንቸር ተንጠለጠለ። «አንተ ቀድመህ ክፈት፣ የለም አንተ ቀድመህ ክፈት» ሲባባሉ ዓመታት አለፉ፤ ጓጉንቸሮቹም ዛጉ።

እናቴ በስልክ የምታወራው እኔን ብቻ ነበር። ስለ ጉልበቷ ትነግረኛለች፣ የወንድማችንን ሚስት ጨው አበዛዝ ታማልኛለች። «እታለም አጠገቤ ናት፣ ላገናኝሽ?» ስላት «ሰላም በያት» ትልና ትዘጋዋለች። የስልክ ቤት ሰው መስመር መቁረጥ ያውቅበታል። እታለም ሰላምታውን ተቀብላ የተማሪ ደብተር ማረሟን ትቀጥላለች። ክፍሏ ውስጥ ግን ከማዶ ይመጡ የነበሩትን ልጆች ዴስኮች አላስነሣችም። ርዕሰ መምህሩ «ለሌላ ክፍል እንውሰዳቸው» ቢላት «ባለቤት አላቸው» አለችው። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ድልድዩ ተከፍቶ እናቷ በእግሯ ተራምዳ እንድትመጣና ያቋረጠቻትን እንድታስጨርሳት። ይህን ለማንም አልተናገረችም። እኔ ግን እህቷ ነኝ።

ለከተማው ምክር ቤት ተመረጠች፤ ውሃውም መጣ። ከዚያ ለአገሪቱ ምክር ቤት ተወዳደረች። የቅስቀሳ ንግግሯ አንድ ብቻ ነበር፦ «ድልድዩን አስከፍታለሁ።» «እንዴት አድርገሽ?» ሲሏት «ገና አላወቅኩም» ትላለች። ጎኗን ብጎሽማት አልሰማ አለች። ሰው ግን መረጣት፤ አላውቅም የሚል እጩ አይቶ ስለማያውቅ ይመስለኛል።

ለዋና ከተማው ጥቁር ሰማያዊ ኮት ሰፋሁላት። ኪሶቹን ሆን ብዬ ከላይ ደፈንኳቸው፤ አለበለዚያ ጠመኔ እየከተተች ገበሩን ታበላሸዋለች። ደርሳ ሳትቀመጥ በምላጭ ተርትራ ከፈተቻቸው።

የመጀመሪያ ንግግሯ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሱቄ ጢም ብሎ ነበር። ደንበኞቼ፣ ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ከግማሽ የተላጨ ሰውዬ ጋር፣ ሁሉም ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክሏል። አፈ ጉባኤው አምስት ደቂቃ ሰጣት። አዳራሹ ውስጥ አንዱ ስልክ ያወራል፣ አንዱ ጋዜጣ ያገላብጣል፣ ከኋላ ሁለቱ ይሳሳቃሉ። እህቴ መነጋገሪያው ፊት ቆመች፤ ቆመችና አንዱን በአንዱ እያየች ዝም አለች። እኔ ወዲያው ገባኝ።

«ወይኔ ጉዴ!» ብዬ ጮህኩ። «ጸጥ እስኪሉላት እየጠበቀች ነው!»

ክፍል ውስጥ እንዲህ ስትቆም ተማሪው አንዱ አንዱን ጎሽሞ ወዲያው ጸጥ ረጭ ይላል። እነዚህ ግን ተማሪ አይደሉም፤ እንዳወሩ ቀጠሉ። እህቴም እንደቆመች ቀጠለች። በመጨረሻ ደወል ተደወለ።

«የተከበሩ፣ ጊዜዎን ጨርሰዋል» አለ አፈ ጉባኤው።

«እኔ እኮ ገና አልጀመርኩም» አለች እታለም።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሱቄም ሳቀ፤ ግማሽ የተላጨው ሰውዬ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ መቀሴን ይዤ ከበር አስወጣሁት። በማግስቱ ጋዜጣው «ዝምታ ወርቅ ነው» ብሎ ፎቶዋን አወጣ። ስልክ ደውላ «ለካ እዚህ ደወሉ የሚደወለው ለአስተማሪው ነው» አለችኝ። ሁለተኛ ጊዜ ስትናገር ጸጥታ አልጠበቀችም፤ ግን የተሳቀባትን ቀን አንስታ ማንንም አልወቀሰችም። እኔ ብሆን ስም ዝርዝር ይዤ በየቢሮው እዞር ነበር።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ያስጠራት በዚህ ምክንያት ነው። ዓይኑ ሥር ያበጠ፣ መሳቢያው የጨጓራ መድኃኒት የሞላበት ሰው ነበር። ለድልድዩ ጉዳይ ቡድን እየላከ ቡድን ሲመለስበት ከርሟል። «ወደዚያ ጠረጴዛ ጯሂ ልኬያለሁ፣ ብልጥም ልኬያለሁ» አላት። «ተስቆበት ያልተቆጣ ሰው ግን ልኬ አላውቅም። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፣ ሌላ የሚሄድ ሰውም አጥቻለሁ።» እታለም ይህን ስትነግረኝ የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አልዘለለችም።

ድርድሩ የነበረው በሦስተኛ አገር፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ አረንጓዴ ጨርቅ፣ ማንም የማይከፍታቸው የውሃ ጠርሙሶች። የእነሱን ቡድን የሚመሩት መነጽራቸው የወፈረ፣ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ዳኛ ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት እነሱ የተጻፈ አነበቡ፣ እኛም የተጻፈ አነበብን፤ ዝናብ በጣሪያ ላይ እንደሚዘንብ፣ ወደ ውስጥ የገባ ጠብታ የለም። በሁለተኛው ሳምንት እህቴ ወረቀቷን ገልብጣ ሕጓን አስረዳች።

«እሜቴ» አሉ ዳኛው፣ «እኛ እኮ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች አይደለንም።»

«አውቃለሁ ክቡር ዳኛ» አለች። «እነሱ ይቀላሉ።»

የእኛ ሰዎች ጠረጴዛው ሥር ሊገቡ ደረሱ። ዳኛው ግን መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ቀጥሎም በሆዳቸው ሳቁ። «እስቲ ይሁን፣ ሌላውን ሁሉ ሞክረን የለ» አሉ። መጀመሪያ አፍ የተዋሱት እሳቸው ናቸው። «እናንተ የምትሉት፣ ዘባችሁ አላስፈላጊ በሆነ ቦታ ቆሞ ሳለ...» ሲሉ እህቴ «አይ፣ እሱን አላልንም» አለች። እንደገና ጀመሩ። «አይ፣ እሱን አላልንም።» ስማቸው የተከበረ ዳኛ ላብ አላባቸው፤ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ዋሉ። በማግስቱ ግን ስለ እኛ ልጅ አንድም ሳያጎድሉ ተናገሩ። በድልድዩ ጥበቃ ጣቢያ ሥራ የጀመረው በቅርቡ እንደነበር፣ ያን ቀን ተረኛ ሳይሆን የታመመ ጓደኛውን ተክቶ እንደገባ፣ እናቱ ሬሳውን ለማየት በር ላይ እንደዋለች። «አዎ» አለች እህቴ፣ «እሱን ነው ያልነው።»

ቀጥሎ ተራው የእሷ ሆነ። አፍ መዋስ ሲባል ጫፉን ቀምሶ መመለስ አይደለም። ከወንበሯ ተነሥታ እነሱን ሆና ተናገረች። «ቀድማችሁ የተኮሳችሁ እናንተ ናችሁ። ልጃችን የወደቀው መሣሪያውን ከትከሻው ሳያወርድ ነው። አባቱ እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ አያልፍም። እናንተ ግን ልጃችንን ገድላችሁ አንድ ቀን እንኳ አዝናለሁ አላላችሁም።» ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው በአረንጓዴው ጨርቅ ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ «አዎ፣ እሱን ነው ያልነው» አሉ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የውሃ ጠርሙሶቹ ተከፈቱ።

ንግግሩ ይቀዳ ነበር። ቅጂውን ለሬዲዮ ማን እንዳደረሰው አልታወቀም። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነበር። የእህቴን ድምፅ ሰማሁና የስፌት መኪናውን ፔዳል ለቀቅኩ። «ቀድማችሁ የተኮሳችሁ እናንተ ናችሁ» ትላለች በገዛ ድምጿ፣ በገዛ አገሯ ሬዲዮ። ዳኛው የእኛን አፍ የተዋሱበት የለም። «አሁን የእናንተን ቃል እናገራለሁ» ያለችበትም የለም። ያሰሙን መሐሉን ብቻ ነው።

ምርጫ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ነበር የቀሩት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ እሷ ደግሞ ገና ሳትወድቅ ነው ምሳሩ የበዛው። ውሃ ያስገባችለት ሰፈር «ከሃዲ» ብሎ ግድግዳ ላይ ጻፈ። አንዲት ደንበኛዬ ተቆርጦ ያላለቀ ጨርቋን ከነመርፌው ነጥቃኝ ሄደች። የሱቄን መስታወት በድንጋይ ሰበሩት። ከሁሉም የከበደኝ ግን የሟቹ ዘብ እናት መምጣት ነው። በሩ ላይ ቆማ «እህትሽ ልጄን ራሱ ጀመረ ነው የምትለው?» አለችኝ። ቁጡ ነኝ ብያለሁ፤ ለእሷ ግን መቀሴን አስቀምጬ ወንበር ሳብኩላት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እታለም ከሁሉም ኋላ ነው የሰማችው። መጀመሪያ የደወለላት ሚኒስትሩ ነበር። «ዛሬውኑ ይመለሱ» አላት። «አታለውኝ ነው፣ ቃሌን ቆራርጠው ቀጣጥለው ነው ብለው መግለጫ ይስጡ። ወንበርዎን አተርፍልዎታለሁ።» እሷም «ዳኛው እኮ አላታለሉኝም» አለችው። ቀጥዬ የደወልኩት እኔ ነኝ።

«እታለም፣ ምን ጉድ ነው ያመጣሽብኝ? መስታወቴን ሰበሩት!»

«ተጎዳሽ?»

«አልተጎዳሁም፣ ተናድጃለሁ!»

«እሱማ የነበረ ነው» አለች።

«ነይና ንገሪያቸው! ግማሹን ብቻ ነው ያሰሟችሁ በያቸው!»

«እነግራቸዋለሁ፣ እዚህ ስጨርስ።»

«አንቺ ስትጨርሺ ምርጫውም ያልቃል!»

«አየሽ» አለች፣ «አሁን ሻንጣዬን ካነሣሁ ዳኛውም ያነሣሉ። ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል፣ አገር አይፈርስም። ይህን ጠረጴዛ ግን አንዴ ከተውነው በእማዬ ዕድሜ ተመልሶ የሚቀመጥበት የለም።»

በእማዬ ዕድሜ አለች። ከዚያ ምሳ ጀምሮ የእናታችንን ነገር ስታነሣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። አልቅሼ «እሺ፣ የኔስ መስታወት?» አልኳት። «እኔ አሠራልሻለሁ» አለች። አሠራችልኝም።

አልተመለሰችም። ዳኛውም አልተነሡም። ጠዋት ጠዋት አፍ እየተዋዋሱ፣ ከሰዓት በኋላ እየተከራከሩ ስምምነቱን ጻፉት። ሁለቱ በሮች በአንድ ደወል፣ በአንድ ቅጽበት ይከፈታሉ፤ ቀድሞ የከፈተ የሚባል አይኖርም። የሁለቱ ዘቦች ስም በአንድ ብረት ላይ ተጽፎ በድልድዩ መሐል ይቆማል። ማን ቀድሞ ተኮሰ የሚለው ገና ይጠናል።

ስትመለስ ለምርጫው የቀረው ጥቂት ቀን ነበር። የፓርቲዋ ሰዎች መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው ጠበቋት፤ እሷ ግን በእግሯ የሟቹ ዘብ እናት ቤት ሄደች። እኔም ተከተልኳት፤ ብቻዋን ብትሰደብ አልወድም። ሴትየዋ በርጩማ እንኳ አላቀረበችልንም። ቆመን ሰማናት። ልጇን፣ መርዶውን፣ ሬዲዮውን፣ ሁሉንም ተናገረች። ስትጨርስ እታለም ሙሉውን አንድ በአንድ መልሳ ነገረቻት፤ «አንቺ ደግሞ መጥተሽ ሳትነግሪኝ ልጄን ለሰው አፍ ሰጠሽው» ያለቻትን ጭምር። ሴትየዋ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች።

«አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» አለች። «ግን አልመርጥሽም።»

«አውቃለሁ» አለች እታለም።

ብዙ ሰው አልመረጣትም። መሸነፍስ አለ፣ ይህ ግን ሌላ ነበር፤ እኔ ድምፅ የሰጠሁበት ጣቢያ እንኳ ቁጥሩ ሲነበብ ሰው አጨበጨበ። ሚኒስትሩም ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሣላትም። እሷ ኮቷን ለብሳ ትምህርት ቤት ሄደች፤ ርዕሰ መምህሩ አንገቱን ደፍቶ የታሪክ ክፍሉን መልሶ ሰጣት። ወላጆች ልጆቻቸውን ከክፍሏ አስወጡ፤ ወራት ሲያልፉ አንዳንዶቹ መለሱ። ባዶዎቹ ዴስኮች በዙ እንጂ አልተነሡም። ከባልደረቦቿ ሻይ አብሯት የሚጠጣ ጠፋ። ትንሽ እንኳ ጎበጥ አላለችም፤ እኔ በእሷ ምትክ በየመንገዱ ስጣላ ሰነበትኩ።

ድልድዩ የተከፈተ ቀን ከተማው ወንዝ ዳር ወጣ። መድረክ ላይ የተቀመጡት ድርድሩን ሲረግሙ የከረሙት ናቸው። ለእታለም ጥሪ አልደረሳትም። እኔና እሷ ከሕዝቡ ኋላ፣ ከበሩ ጎን፣ አሸዋ ላይ ቆምን። አንድ የቀድሞ ተማሪዋ አያትና መንገድ ቀየረ፤ አየችው። ደወሉ ተደወለ። ሁለቱ በሮች እያንቋረሩ ተከፈቱ። ሰው መጀመሪያ ፈራ፤ ከዚያ እንደ ጎርፍ ተደበላለቀ።

እናታችን የመጣችው ግፊያው ከበረደ በኋላ ነው። ወንድማችን ያችኑ ሻንጣ ይዞላት፣ እሷ ጉልበቷን እየደገፈች፣ ቀስ ብላ። እጥር ብላለች፤ ዓይኗ ግን ያው ነው። እኔን አቅፋ ሳመችኝ። ከእታለም ግን ፊት ለፊት ቆመች። ሁለቱም አልተነቃነቁም።

«እኛ ዘንድም ሽማግሌውን ዳኛ እንዲሁ አደረጓቸው» አለች እናቴ በመጨረሻ። «የእናንተን አፍ የተዋሱበትን ብቻ በሬዲዮ አሰሙን። ሰው ቤታቸውን በድንጋይ ሲደበድብ እኔ፣ ይህ የልጄ ሥራ ነው፣ ሌላኛው ግማሽ እሷ ዘንድ አለ አልኩ።»

እታለም እጇን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተች። ጠመኔ እንደምትጨብጥ አውቃለሁ።

«እማዬ» አለች። «እንዲህ ብለሽኝ ነበር። ፖለቲካ እሳት ነው፤ የሚሞቀው ሌላ፣ የሚቃጠለው ሌላ። ዛሬ ቲቸር ብሎ ከወንበሩ የሚነሣልሽ ሰው ነገ መንገድ ይቀይርብሻል። የአስተማሪ ስሕተት በዳስተር ይጠፋል፣ የፖለቲከኛ ስሕተት ግን እስከ ልጅ ልጅ ይወራል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ ልጄ ስትሰደብ የምሰማበት ጆሮ የለኝም።» እጇን ከኪሷ አወጣች። «ደግሞም ከገባሽ... አልሽኝ። ከዚህ በኋላ አላውቀውም። አላስጨረስኩሽም።»

እናቴ ብዙ አየቻት። «እስከዚህ ልክ ነሽ» አለች።

«ጨርሺልኝ።»

«ደግሞም ከገባሽ ሳትጨርሺ እንዳትወጪ ልልሽ ነበር።»

እኔ እዚያ ምሳ ላይ ነበርኩ። የእናቴን ፊት አይቻለሁ፤ እጇ ጠረጴዛውን እንዴት እንደጨበጠ አይቻለሁ። ያን ቀን «ደግሞም ከገባሽ ልጄ አይደለሽም» ልትል እንደነበር በሕይወቴ ሙሉ እምላለሁ። አፌ ድረስ መጣ። ይቺ ሁሉን ነገር የምትተፋ ምላሴ ለአንድ ጊዜ አርፋ ተቀመጠች።

እታለም ወጓን አላፈረሰችም። ፊቷ በእንባ እንደታጠበ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆማ የእናቷን አፍ ተዋሰች። «ከገባሽ ሳትጨርሺ እንዳትወጪ» አለች።

«አዎ» አለች እናቴ፣ «እሱን ነው ያልኩት።»